ከእናቴ ቀድሞ ያለቀሰው ተራኪ

እናቴ ዓይኗ በግላኮማ ከደከመ ወዲህ ማንበብ ትታለች። መነጽሯ ግን አሁንም ራስጌዋ ካለው መጽሐፍ ላይ ተቀምጦ ያድራል። ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ወጥ ካረረ ምክንያቱ ልብ ወለድ ነበር። ስለዚህ ለፋሲካ ቀሚስ ከመግዛት ይልቅ በስልክ የሚደመጥ የመጽሐፍ ትረካ ገዛሁላት። 9 ሰዓት ተኩል የሚፈጅ የቤተሰብ ታሪክ ነው፤ መጽሐፉን እኔም አንብቤ ወድጄዋለሁ።

ቡናው ቀርቦ ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ አድርገን ከፈትነው። መጀመሪያ ዋሽንት መጣ። ከዋሽንቱ በኋላ ነጎድጓድ። ቀጥሎ አንድ ጎርናና ድምፅ፣ ገና ምንም ሳይፈጠር፣ እየተንቀጠቀጠ «ጠዋት ነበር» አለን። እውነቴን ነው፣ ሰውዬው በር ከፍቶ ሲወጣ እንኳ ቫዮሊን አለ። አያትየዋ ስትናገር ድምፁን አቅጥኖ የስድስት ዓመት ልጅ አስመሰላት። ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ይተነፍስና አራት ነጥቡን ዘሎት ያልፋል። ምዕራፉ መጨረሻ ላይ እናትየዋ ልጇን ቀብራ ትመለሳለች። መጽሐፉ ይህን በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ነው ያለፈው። ተራኪያችን ግን ሲቃ ያዘውና ቃሉ ራሱ ጠፋን።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች እማዬ። «እኔ ሳላለቅስ እሱ አለቀሰ እኮ!»

አይፈረድባትም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰማች ሰው ናት። እኔ የደረስኩት በቅጂው ነው። ወጋየሁም ድምፁን ይለዋውጣል፤ ፊታውራሪ መሸሻና ጉዱ ካሳ አንድ ዓይነት አይናገሩም። ፊታውራሪ ሲቆጡ ይቆጣል። ትረካው ወደ ራሱ ሲመለስ ግን ረጋ ይልና ሐዘኑን ለአድማጩ ይተወዋል።

እኔን ያናደደኝ ሌላም ነገር አለ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሰውዬውን ሳይሆን አነጋገሩን ማለቴ ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ የ30 ሰከንድ የሬዲዮ ማስታወቂያ ሲቀረጽ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሜ «ትንሽ ስሜት ጨምርበት» የምለው እኔ ነኝ። ለሳሙና ነው፣ ለ30 ሰከንድ ነው፣ ይቻላል። 9 ሰዓት ተኩል ግን ማን ይችለዋል?

ቶናው ሳይደርስ እማዬ «ዝጊልኝ» አለች። ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ጻፍኩ፤ እስካሁን መልስ የለም።

ማታ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውጥቼ ራሴ አነብላት ጀመር። እቸኩላለሁ፣ እደናቀፋለሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ቀስ በይ፣ ማን አባረረሽ?» አለችኝ። ቀብሩ ጋ ስደርስ ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች እንደተጻፉ አነበብኩና ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወስዳ፣ «ቀጥዪ» አለችኝ።