«ወራጅ አለ!»፦ ከመስቀል አደባባይ እስከ እንጦጦ በእግር

አዲስ አበባ ዳገት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በመኪና የሚሄድ ሰው ይህን ብዙም ልብ አይለውም፤ የሚያቃስተው ሞተሩ ነውና። በእግሩ ለሚሄድ ግን ጉልበቱ ይነግረዋል። ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ እንጦጦ የሚያቀና መንገደኛ ከሞላ ጎደል ሽቅብ ብቻ ነው የሚወጣው። መነሻው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ይላል፤ እንጦጦ ላይ ሲደረስ ደግሞ 3000 ሜትር ይታለፋል።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ይህንን መንገድ ከ43 ዓመት ልጄ ጋር ተጓዝኩት። እኔ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ልጄ የሁለት ልጆች አባት ነው። ከሳሪስ ወጥቶ በስታዲየም በኩል ስድስት ኪሎ አካባቢ ወዳለው መሥሪያ ቤቱ በታክሲ ይመላለሳል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከቤት ይወጣል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይገባል።

ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት የደም ግፊቱ 148 በ94 ሆኖ ተገኘ። በሌላ ቀን ተደግሞ ሲለካም አልወረደም። ሐኪሙ ሌላ ሕመም እንደሌለበት ካረጋገጠ በኋላ፣ ጨው እንዲቀንስ፣ ክብደቱን እንዲያስተካክልና እንዲንቀሳቀስ መክሮ ለ3 ወር ቀጠሮ ሰጠው። ልጄ ቤት ገብቶ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እማዬ፣ ጊዜውን ከየት ላምጣው?»

ጥያቄው ሰበብ አይደለም፤ እውነት ነው። ስለዚህ የዚያች ቅዳሜ ጉዟችን ስፖርት ለመሥራት አልነበረም። በየቀኑ በታክሲ የሚያልፈውን መንገድ በእግር ሄደን፣ ጊዜ የተደበቀባቸውን ቦታዎች ለመፈለግ ነበር።

መስቀል አደባባይ

ፀሐይ ሳትወጣ ደረስን። በ2013 ዓ.ም. ታድሶ የተከፈተው አደባባይ በዚያ ሰዓት የሯጮች ነው። አንዱን እርከን ከዳር እስከ ዳር ይጨርሱና ወደሚቀጥለው ይወጣሉ። ቱታ የለበሱ አዛውንት በእርጋታ ደረጃ ሲወጡ፣ ነጠላ የደረቡ እናቶች ክንዳቸውን ሲያወዛውዙ ይታያሉ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ብዙ ቤተሰብ ወደዚህ አምጥቷል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ደግሞ መኪና ቆሞ እግረኛ የሚሄድበትን እሑድ አስለምዶናል።

ልጄ ሯጮቹን አይቶ «ይሄ ለእኔ አይሆንም» አለኝ። እኔም ስለ ለንደን አውቶቡሶች ነገርኩት። ጄሪ ሞሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት አለ። በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩትን ሹፌሮችና ቲኬት ቆራጮች አነጻጸረ። ሁለቱም አንድ አውቶቡስ ላይ ይውላሉ። የልብ ሕመም ግን ተቀምጠው በሚውሉት ሹፌሮች ላይ በዝቶ ተገኘ። ቲኬት ቆራጮቹ ሯጮች አልነበሩም። ቀኑን ሙሉ የአውቶቡሱን ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉ ሠራተኞች ነበሩ። ሞሪስ ራሱ 99 ዓመት ኖሯል።

የልጄ ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁልጊዜ በሊፍት ነው የሚወጣው። እዚያው አደባባዩ ላይ ተስማማን፦ እስከ ሁለተኛ ፎቅ በእግር፣ የቀረውን በሊፍት። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ፎቅ ይጨምራል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ግን ይህን ትቶ ሜዳ ላይ መሄድ ይሻለዋል፤ በተለይ ደረጃ መውረድ ለታመመ ጉልበት ከመውጣቱ ይብሳል።

ወደ አራት ኪሎ

የአፍሪካ አዳራሽን አልፈን፣ በሒልተን በኩል አድርገን፣ ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት የሚያወጣውን ዳገት ያዝን። እዚህ ላይ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ ጎን ለጎን ሆኖ እያወሩ መሄድ ይቻላል። «ፍጥነቴ ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። መሣሪያ አያስፈልገውም። እየሄዱ ማውራት ከተቻለ፣ መዝፈን ግን ትንፋሽ ካሳጠረ፣ ልኩ እርሱ ነው። ማውራትም ካቃተ ቀስ ማለት ይገባል። መዝፈንም ከተቻለ ትንሽ መፍጠን ነው። ልጄ ሒልተን ጋ ሊዘፍን ሞክሮ ሁለተኛውን ስንኝ ሳይጨርስ ትንፋሹ ተቋረጠ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲህ ያለ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ቀድሞ «አንዱ እንቅስቃሴ ከ10 ደቂቃ ማነስ የለበትም» ይባል ነበር፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው መመሪያ ያ ገደብ ቀርቷል። ሦስት ደቂቃም፣ አምስት ደቂቃም ይቆጠራል ማለት ነው።

አራት ኪሎ፣ የድል ሐውልቱ ጋ ቆመን ሰዓት ያዝን። ከዚያ እስከ ቢሮው ድረስ 15 ደቂቃ ሄድን። ስሌቱ ራሱ መጣ፦ ጠዋት ስድስት ኪሎ መድረሱን ትቶ አራት ኪሎ ላይ «ወራጅ አለ!» ቢል 15 ደቂቃ፤ ማታ ቁልቁል አራት ኪሎ ድረስ በእግሩ ቢወርድ ሌላ 15 ደቂቃ። በቀን 30፣ በአምስት የሥራ ቀን 150። ጠዋት ታክሲው አራት ኪሎ ላይ ቆሞ ተሳፋሪ እስኪሞላ የሚጠፋው ጊዜ ሲቀነስ፣ የሚጨምረው ሰዓት ከምንገምተው ያንሳል።

አምስት ኪሎ፣ ሻይ ቤት

ድንቅነሽ ካለችበት ብሔራዊ ሙዚየም ብዙም ሳንርቅ ሻይ ልንጠጣ ተቀመጥን። ልጄ ሻዩን ሳይቀምስ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረበት። በቀን ስንት እንደሚጠጣ ጠየቅሁት፤ አራት አለኝ። ሦስት ሲባዛ አራት፣ 12 የሻይ ማንኪያ። አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስለሚይዝ 48 ግራም ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እንዲህ ያለው ስኳር ከ25 ግራም ግድም፣ ማለትም ከ6 ማንኪያ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ለስላሳና ኬክ ገና አልተቆጠሩም።

በአንድ ቀን «ያለ ስኳር እጠጣለሁ» ያለ ሰው በሳምንቱ ይመለሳል። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ የቀነሰ ግን ምላሱ ሳይታወቀው ይለምዳል። እኔ በዚህ መንገድ ካስለመድኳቸው ታካሚዎች ብዙዎቹ በኋላ የድሮው ሻይ «በጣም ጣፈጠብኝ» ይሉኝ ነበር።

ጨው ላይ ስንደርስ ነገሩ ከሻይ ቤቱ ወጥቶ ወደ እኛ ወደ እናቶች ይመጣል። ለአንድ አዋቂ በቀን የሚመከረው ጨው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ይህ ዳቦውንም ወጡንም ጨምሮ ነው። በየቤታችን በርበሬው ሲሰናዳ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮውም ሲፈጭ እንዲሁ። ወጡ ሲሠራ ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል። ገበታው ላይ ሚጥሚጣው ይከተላል። ስለዚህ የልጆቻችን ግፊት ያለው በከፊል በምጣዱ ዳር ባለው እጅ ላይ ነው። ወጡ ከመውረዱ በፊት ቀምሶ፣ አስፈላጊ ከሆነ ብቻ ትንሽ መጨመር ይበቃል። ጣዕሙን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ሎሚ ይሞሉታል።

ስድስት ኪሎ

የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አጠገብ አረፍ አልን። እዚህ ቦታ ላይ ለልጄ የነገርኩት ከበድ ያለ ነው። በአገልግሎት ዘመኔ በስትሮክ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው የመጡ፣ ገና 50 ዓመት ያልሞላቸው ብዙ ሰዎች ተቀብያለሁ። ቤተሰባቸውን «ግፊት ነበረበት ወይ?» ብዬ ስጠይቅ፣ «ኧረ እርሱ ጤነኛ ነው፤ ራሱን እንኳ አሞት አያውቅም» የሚለው መልስ ተደጋጋሚ ነበር። የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ አያምም። በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ እንዳለባቸው አያውቁም። ሳይለኩ ማወቅ አይቻልም።

ስትለኩም በአግባቡ ይሁን። ቡና ከጠጣችሁ ወይም ከተንቀሳቀሳችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ሽንት ቤት ግቡ። አምስት ደቂቃ ጀርባችሁን ተደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ ተቀመጡ። ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይረፍ። ሲለካ አታውሩ። አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ መገኘት ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሐኪም ጋ መሄድ የግድ ነው።

ሽሮ ሜዳ

ከዩኒቨርሲቲው በላይ ያለውን ዳገት ጨርሰን ሽሮ ሜዳ ገባን። ነጩ ሸማ፣ ጥበቡ፣ ጥለቱ በየሱቁ በራፍ ተሰቅሏል። ለልጅ ልጄ ቀሚስ ለማየት አንድ ሱቅ ገባን፤ ባለሱቋ አንገቷ ላይ የልክ ሜትር አንጠልጥላለች። ተዋስኳትና የልጄን ወገብ በእምብርቱ ትክክል ለካሁት። 98 ሴንቲ ሜትር። ቁመቱ 172 ነው። የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ለእርሱ 86 መሆኑ ነው። ባለሱቋ በሳቅ «እኔንም ይለኩኝ እማማ» አለችኝ፤ ለካኋት።

ሆድ ላይ የሚከማች ስብ ለስኳር በሽታም ለልብ ሕመምም በር ይከፍታል። በእኛ ባህል የከበደ ገላ የድሎት ምልክት ሆኖ ኖሯል። ሠርቶ የመጣ ልጅን «ከሳህ፣ በሞቴ ድገም» ማለት ፍቅር ነው። ፍቅሩ ይቀጥል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግን በሁለተኛ እንጀራ መገለጥ የለበትም። ራት ቀለል ብሎ፣ ጎመኑና ሰላጣው በዝቶ፣ ከራት በኋላ ደግሞ 10 ደቂቃ በሰፈር ወይም በግቢ ዞር ዞር ማለት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ለማውረድ ይረዳል።

እንጦጦ

ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም በታክሲ ወጣን። አቀበቱ ለጀማሪ ከባድ ነው፤ አየሩም ይሳሳል። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ይህን ዳገት ከመድፈሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ማንም ሰው ቢሆን ደረቱን ከጨነቀው ወይም ራሱን ካዞረው ወዲያው ማቆም አለበት።

ይህ ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡበት ነው። ብርዱና የማገዶ እጥረቱ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ወደ ፍልውሃ ሜዳ አወረዳቸው፤ አዲስ አበባም እዚያ ተቆረቆረች። ዛሬ ዳገቱን የሸፈነው ባሕር ዛፍ የዚያ ዘመን ትካዜና መፍትሔ ነው። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው ፓርክ ውስጥ ቤተሰብ ሁሉ ከነልጆቹ ሲንሸራሸር ይውላል።

በዚያው መንገድ ግን ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው የሚወርዱ ሴቶች አገኘን። ልጄ «እነዚህማ ግፊት አይነካቸውም» አለ። እንደዚያ አይደለም። ወገብ የሚሰብር ሸክም ለጤና ተብሎ ከሚሠራ እንቅስቃሴ ጋር አንድ አይደለም። ለእነርሱ ጤና ማለት ሸክሙ ሲቀል፣ ምግቡ ሲሻሻልና ዕረፍት ሲገኝ ነው። «ተንቀሳቀሱ» የሚለው ምክር ለተቀመጥነው ነው።

ከሦስት ወር በኋላ

በጥር ወር ቀጠሮው ደረሰ። ግፊቱ 134 በ86 ሆነ፤ ወገቡ 4 ሴንቲ ሜትር ቀነሰ። ሐኪሙ «ቀጥል» ብሎ በየጊዜው እንዲለካ አዘዘው። ገና መንገድ ይቀረዋል። የሁሉም ሰው ግፊት እንዲህ በእግር ብቻ አይወርድም፤ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ስለተሻለው ወይም ስለተንቀሳቀሰ ብሎ በራሱ ፈቃድ ማቆም የለበትም። እግሩም መድኃኒቱም አብረው ይሠራሉ።

እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችን ጊዜ የላቸውም፤ በዚህ አንከራከራቸው። አዲስ ሥራ አንጨምርባቸው። ይልቁን በሚሄዱበት መንገድ፣ በሚወጡት ደረጃ፣ በሚጠጡት ሻይና እኛ በምንሠራው ወጥ ላይ ትንሽ ትንሽ እንቀይር። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ለዚህ ሳምንት ምረጡ፤ እርሱ ሲለመድ ሌላው ይከተላል። ዛሬ ማታ ገበታ ላይ ስትቀመጡ፣ ልጃችሁ ሰኞ ጠዋት የትኛው ፌርማታ ላይ «ወራጅ አለ!» እንደሚል አብራችሁ ተነጋገሩበት።