ባትሪ ከመቀየር በፊት
ወዳጆቼ፣ ዛሬ ፖለቲካ የለም፤ ስለ አሮጌዋ ቮልሴ ነው። አራት ቀን ከቆመች ያለ ግፊ አትነሳም። የሰፈሩ ፍርድ አንድ ነበር፦ «ባትሪ ቀይር!» አዲስ ባትሪ ደግሞ ለፍሪላንስ ጋዜጠኛ የወር አስቤዛ ነው።

ኤሌክትሪሻኑ ግን መጀመሪያ ለካ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሮቹ ተዘግተው፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፈታና ቴስተሩን መሀል አስገባ፦ 400 ሚሊ አምፔር! ይህ ባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪን በአምስት ቀን ገደማ ያራቁታል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀለ። የቴፑ ሲነቀል ቁጥሩ ወደ ዜሮ ወረደ። ቴፑ በሞተር ቁልፉ ሳያልፍ ተቀጥሎ፣ ጠፍቶም ሲጠባ ያድር ኖሯል።

አዲስ ባትሪ ብገዛ እሱንም ይጨርሰው ነበር። ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር ያው ችግር ለሚመለስበት መሥሪያ ቤትም ምክሬ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ለኩ።