ፍሬም ከመሥራታችሁ በፊት ወረቀቱን ገልብጡት



ውድ እህት ወንድሞቻችን፣ ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ካርቶን፣ ስለ ማጣበቂያና ስለ ፍሬም ነው። «መስጂድ የሚያገለግል ሰው ስለ ካርቶን ምን አገባው?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠን። ወሬው ከካርቶን ይጀምርና አማና ላይ ያልቃል።

እኛ ያለነው ደቡብ ጎንደር፣ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ነው። ኢማማችንን እናግዛለን፤ ከዓስር በኋላ ልጆች እናስቀራለን። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ዝናቡ ልጆቹን ከቤት አያስወጣም፤ ስልክ ያገኘ ስልክ ሲነካካ ይውላል። ካቻምና «እጃቸው ሥራ ይልመድ» ብለን ከየሱቁ የተጣለ የፓስታ፣ የሳሙናና የብስኩት ካርቶን ሰበሰብን። ከእሱም ፍሬም መሥራት ጀመርን። ኒያችን ልጆቹ ለወላጆቻቸው በእጃቸው የሠሩትን ስጦታ ይዘው እንዲገቡ ነበር።

ቤታችን ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ብዙዎቻችን ያደግነው ጋዜጣ በተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳ ሥር ነው። ማንበብ የለመድነው አንገታችንን አጣመን የግድግዳውን ዜና እየተከተልን ነው፤ ወሬው ሊጥም ሲል ሌላ ጋዜጣ ተደርቦበት ይቀራል። በዚህ ግድግዳ ላይ አንድ ንጹሕ ፍሬም ሲሰቀል ቤቱ ሌላ ቤት ይመስላል። ባለ መስታወቱ ፍሬም ደግሞ ከደብረ ታቦር ወይም ከባሕር ዳር የሚመጣ ነው፤ ሁሉም አይገዛውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ፎቶ ካርቶኑን 20 በ25 አድርጋችሁ ትቆርጣላችሁ። መሐሉን 9 በ14 አድርጋችሁ ትከፍቱታላችሁ። እንዲህ ሲሆን የፎቶው ጠርዝ በየጎኑ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከካርቶኑ ሥር ይገባል፤ አይወድቅም። ዙሪያውን 5 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚያጌጥ ቦታ ይተርፋችኋል። ከአሮጌ ደብተር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክር የመሰለ ወረቀት እየቆረጡ በስንጥር ላይ መጠቅለልና ጥቅሉን አስተካክሎ መደርደር ነው። ሁለት እኩል አራት ማዕዘኖችን አንዱን በአንዱ ላይ አዙራችሁ ብትለጥፉ ደግሞ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ ይወጣል፤ በቁርኣን ገጾች ጠርዝ ላይ የሩብ ሒዝብ ምልክት ሆኖ የምታዩት ቅርጽ ነው። ልጆቹ ይህን ሲያውቁ እንዴት እንደተደሰቱ!

ማጣበቂያችን አንድ ስኒ ዱቄት በአምስት ስኒ ውኃ በጥብጦ እስኪወፍር ማማሰል ነው። አንድ ነገር ግን ቶሎ ተማርን። በካርቶኑ በአንድ ወገን ብቻ ወረቀት ከለጠፋችሁ ሲደርቅ ይጎብጣል፤ እርጥቡ ወረቀት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ካርቶኑን ወደ ራሱ ይስበዋል። ስለዚህ በጀርባውም እኩል ወረቀት መለጠፍና በድንጋይ ተጭኖ ማሳደር ያስፈልጋል።

ወሬው በሰፈር ተሰማ። ሰዎች ፎቶ፣ የምረቃ ወረቀት፣ የእጅ ጽሑፍ ይዘው መምጣት ጀመሩ። እኛም ባለሙያ የሆንን መሰለን። ጥፋታችን የመጣው ያን ጊዜ ነው።

አንዲት እናት መጡ። ባላቸው አላህ ይዘንላቸውና ሸማኔ ነበሩ፤ ቀን ሸማ ይሠራሉ፣ ማታ ልጆች ያስቀራሉ። እኚህ ሰው በገዛ እጃቸው አያተል ኩርሲን የጻፉበት አንድ ነጠላ ወረቀት ነበር። እናታችን ወረቀቱን በነጠላ ጠቅልለው አመጡትና «ልጆቼ፣ ይህን እንዳይጠፋብኝ አድርጉልኝ» አሉን።

ጽሑፉ ያምራል። መስመሩ አይዛነፍም፤ ቀለሙ ጠቁሮ ያበራል። እኛም ለመሥራት ቸኮልን። ጀርባውን ማጣበቂያ ቀብተን በካርቶን ላይ ለጠፍነው፤ ዙሪያውን በወረቀት አበባ አስጌጥነው። እናታችን ሲያዩት አለቀሱ፤ ዱዓ አደረጉልን። ሐምሌ ላይ ከግድግዳቸው ተሰቀለ።

መስከረም ሲጠባ ፍሬሙን ይዘው ተመለሱ። ግድግዳው በክረምቱ ዝናብ ረጥቦ ኖሮ ካርቶኑ እርጥበት ስቧል፤ ጠርዙ ሻግቷል፤ ማጣበቂያው ዱቄት ነውና ነፍሳት በልተውታል። እኛ ይህን አይተን ደነገጥን። እሳቸውን ያመጣቸው ግን ሌላ ጉዳይ ነበር።

«ልጄ መታወቂያ ልታወጣ ስትል የተወለድሽበት ቀን ተባለች። ከጀርባው አንብቡልኝ» አሉን።

«ከምኑ ጀርባ፣ እማማ?»

«ከወረቀቱ ነዋ! አባታቸው ልጅ በተወለደ ቁጥር ስሙንና ቀኑን ይጽፍ ነበር። አምስቱም አሉበት።»

ወላሂ፣ ያን ጊዜ የምንገባበት ጠፋን። ወረቀቱን ስንቀበል አንዳችንም ገልብጠን አላየነውም። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ እኛ ያየነው መሰላቸው። ለእኛ ወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ ነበረው፤ የሚያምረው ፊት። ለእሳቸው ግን ወረቀቱ የአምስት ልጆቻቸው መዝገብ ነበር፤ ከአምስቱ አንዱ በሕፃንነቱ ወደ አኼራ ሄዷል።

የዱቄት ማጣበቂያ በውኃ ይለቃል። እንግዲህ ውኃ አርከፍክፎ ማላቀቅ ነው እንዳትሉ፣ መድረሳ የቀራ ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል። አያተል ኩርሲ የተጻፈበት ቀለም የድሮው የመድረሳ ቀለም ነው፤ ከጥቀርሻና ከሙጫ የሚሠራው። ሎሃችን ላይ የምንጽፍበት እሱ ነው፤ የተጻፈው ከተሐፈዘ በኋላ በውኃ ታጥቦ በቦታው ሌላ የሚጻፈው ቀለሙ በውኃ ስለሚለቅ ነው። በጀርባ ያለው የልጆቹ ስም ግን በእስክሪብቶ የተጻፈ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም ዘይትነት ስላለው ውኃ ቶሎ አያጠፋውም። ስለዚህ ውኃ ካስነካነው የልጆቹ ስም ሊተርፍ፣ የፊቱ ጽሑፍ ግን ሊታጠብ ነው። ካላስነካነው ፊቱ ይተርፋል፤ ስሞቹ እንደተቀበሩ ይቀራሉ።

ኢማማችን ዘንድ ሄድን። ነገሩን ሰሙና «ይህን እኔም እናንተም አንወስንም፤ አማናው የእሳቸው ነው። አንድም ሳትደብቁ ንገሯቸውና እሳቸው ይወስኑ» አሉን። አማናን ለባለቤቱ መመለስ በቁርኣን የታዘዝነው ነገር ነው፤ እኛም ለሰው ስንናገረው ኖረናል። በራሳችን ላይ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ቀን አወቅነው። እውነቱን ለመናገር፣ «እርጥበቱ አበላሸው» ብሎ ማለፍ ሐሳባችን ውስጥ ገብቶ ነበር። አስተግፊሩላህ።

ሄደን ነገርናቸው። ጥፋቱ የእኛ መሆኑንም ነገርናቸው። ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «አያተል ኩርሲ በእኔም ልብ አለ፣ በእናንተም ልብ አለ። የልጆቼ ቀን ግን ከዚያ በቀር የትም የለም። አላቁት።»

ከማላቀቃችን በፊት ፊቱን በስልክ ፎቶ አነሳነው። ቀጥሎ ካርቶኑን ከጀርባ በኩል በደረቁ፣ ንብር በንብር እየላጥን አሳሳነው። የመጨረሻዋ ስስ ንብር ስትቀር እርጥብ ጨርቅ ተጫንባትና ጠበቅን። ማጣበቂያው ሲላላ በጥፍር ሳይሆን በማንኪያ ጀርባ እየገፋን አነሳናት። ሙሉ ከሰዓቱን ፈጀብን። የፊቱ ቀለም በሦስት ቦታ ፈሰሰ። ወረቀቱ የተለቀለቀበትን ውኃ እንደ ሎህ ውኃ ቆጥረን እግር በማይረግጠው ቦታ፣ ከዛፍ ሥር አፈሰስነው።

አራቱ መስመር ተነበበ፤ መታወቂያ የምታወጣው ልጅ ከአራቱ አንዷ ነበረች፣ አልሐምዱሊላህ። አምስተኛው መስመር የሞተው ሕፃን ነው። ስሙ አለ፤ ቀኑ ያለበትን ጠርዝ ነፍሳት በልተውታል። ለእናታችን ስንነግራቸው «ጁሙዓ ነበር። ሰዉ ከገበያ ሲመለስ ነው የወለድኩት» አሉ። እኛም በአዲስ ወረቀት አምስቱንም ስንገለብጥ በዚያ መስመር ላይ «ጁሙዓ» ብለን ጻፍን። አፉ ብለውናል። እኛ ግን ያንን የተበላ ጠርዝ አልረሳነውም።

ውድ ወጣቶች፣ ይህ የአንድ ቤት ወሬ ብቻ አይደለም። ጎረቤቶቻችን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለዘመናት የጻፉት በብራና ላይ ነው፤ በዚሁ በጋይንት ምድር የድጓ ማስመስከሪያ የሆነው ቤተልሔም አለ። የእኛ መሻኢኾች ግን በአብዛኛው የጻፉት በወረቀት ላይ ነው። ወረቀት ከቻይና ተነስቶ በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባግዳድ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ የሙስሊም ወረቀት ሠሪዎች ቀለሙ እንዳይሰርግ ወረቀቱን በስታርች ቀብተው በለስላሳ ድንጋይ ይወለውሉት ነበር። ወደ አገራችን በንግድ ይገባ ከነበረው አንዱ ወደ ብርሃን ሲያነሱት ሦስት ጨረቃ የሚታይበት የጣሊያን ወረቀት ነው፤ በሐረር የእጅ ጽሑፎች ውስጥ ይገኛል። ሐረር ውስጥ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የአገራቸውን ሰው ቅርስና የእጅ ጽሑፍ ከየቤቱ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1998 በገዛ ቤታቸው ሙዚየም ከፍተዋል። አንድ ሰው ከቤቱ ተነስቶ ይህን ማድረግ ከቻለ፣ እኛ የአያቶቻችንን አንድ ቅጠል መጠበቅ እንዴት ያቅተናል?

ስለዚህ በቤታችሁ ፍሬም ልትሠሩ ካሰባችሁ ከጥፋታችን የተማርነውን እነሆ።

1. መጀመሪያ ወረቀቱን ገልብጡት። ጀርባውን፣ ጠርዙን፣ እጥፋቱን እዩ። ባለቤቱንም «ከጀርባው ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

2. ሁለቱንም ፊት በስልክ አንሱ። ፍሬም ውስጥ የሚገባው ቅጂው ይሁን። ዋናው በንጹሕ ነጭ ወረቀት መሐል ሆኖ፣ ሳይታጠፍ፣ ደረቅ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።

3. ዋናውን መስቀል ግድ ከሆነ ማጣበቂያ ፈጽሞ አይንካው። ከወረቀት አራት ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ኪስ ሥሩና ከካርቶኑ ላይ ለጥፏቸው፤ የወረቀቱን አራት ጫፍ በኪሶቹ ውስጥ አስገቡ። እንዲህ ከሆነ በፈለጋችሁ ጊዜ ይወጣል። ፕላስተርም አትጠቀሙ፤ ሙጫው እየቆየ ወረቀቱን ያበጫዋል።

4. ካርቶን በውስጡ አሲድ ስላለው የነካውን ወረቀት ያደርቃል፣ ያበጫል። በመሐል ንጹሕ ነጭ ወረቀት አድርጉ። መስታወት ካለውም መስታወቱ ጽሑፉን አይንካ።

5. ፍሬሙን ዝናብ በሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉ፤ ፀሐይ በቀጥታ በሚያገኘው ቦታም አታድርጉ። ከኋላው ሁለት ቡሽ ወይም ቁራጭ እንጨት ብትለጥፉ ከግድግዳው ይርቃል፤ አየር ይገባዋል።

6. የአላህ ስም ወይም የቁርኣን አንቀጽ ያለበትን ቁራጭ ከጥራጊ ጋር አትጣሉ። ለማስጌጫ ከመቆረጣችሁ በፊት አሮጌውን ደብተር አገላብጣችሁ እዩ፤ የመድረሳ ደብተር ሊሆን ይችላል።

የሰው ፎቶ መስቀልን በተመለከተ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው፤ የምታምኑበትን ዓሊም ጠይቁ እንጂ ለክርክር አትቸኩሉ። እኛ ግን አንድ ሐዲስ ሁልጊዜ እናስታውሳለን። እናታችን ዓኢሻ (ረዲየላሁ ዓንሃ) ሥዕል ያለበት መጋረጃ ሰቅለው ነበር፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጠሉት። እሳቸውም ቆርጠው መደገፊያ ትራስ አደረጉት። ጨርቁ አልተጣለም፤ ለቤቱ ጠቀመ። የተጣለ ካርቶን ይዘን ስንቀመጥ ይህን እያሰብን ነው።

አሁንም በየክረምቱ ፍሬም እንሠራለን። ልጆቹ አዲስ ወረቀት ሲመጣላቸው ከሁሉ በፊት ይገለብጡታል፤ ከመካከላቸው ትንሹ «ጀርባው ታየ?» እያለ ትልልቆቹን ይቆጣጠራል። እናታችን ግድግዳ ላይ አሁን የተሰቀሉት ሁለት ቅጂዎች ናቸው፤ አንዱ አያተል ኩርሲ፣ አንዱ የአምስቱ ልጆች ስም። ዋናው ወረቀት ከሣጥናቸው ውስጥ ነው።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የአባታችሁን፣ የአያታችሁን ወረቀት አውጥታችሁ እዩት። ጽሑፉን የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ ፎቶ አንሱት። ለጓደኞቻችሁም አካፍሉ።

አላህ የሰው አማና ተቀብለው ከሚጠብቁት ያድርገን። ለእኚያ ሸማኔ አባትና ለሁላችንም ሙታን ዱዓ አድርጉ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።