ፈጣኑ ኃይል መሙያ የቱ ነው?

ሰው የሚገለገልበትን ዕቃ ጠባይ ካላወቀ፣ ዕቃው አገልጋዩ መሆኑ ቀርቶ እርሱ ራሱ የዕቃው አገልጋይ ይሆናል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ መኪና ከውጭ ለማስመጣት የሚያስብ ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ ጥቂት መማር ግድ ሆኖበታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም በአዲስ አበባ ፈጣን የኃይል መሙያ ጣቢያ ከፍቷል። እንግዲህ መሣሪያው ከመጣ ዘንድ አመራረጡን ማወቅ የእኛ ፈንታ ነው።

በየጣቢያው ተራዬን ስጠብቅ አዘውትሬ የምሰማው ጥያቄ «ትልቁ የቱ ነው?» የሚል ነው። 180 ኪሎዋት የሚል ጽሕፈት የታየ እንደሆነ ሁሉም ወደዚያ ይሻማል። ነገር ግን ፍጥነቱን የሚወስነው ሰጪው ብቻ ሳይሆን ተቀባዩም ጭምር ነው። ከ80 ኪሎዋት በላይ መቀበል የማይችል መኪና ከ180 ኪሎዋት መሣሪያ ጋር ቢያያዝ የሚያገኘው ያንኑ 80 ነው። አንገቱ የጠበበ እንስራ ፏፏቴ ሥር ቢያስቀምጡት ቶሎ አይሞላም። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ማለትም ይኸው ነው።

ከኃይሉ መጠን በፊት የሚጠየቀው የመሰኪያው ዓይነት ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪናዎች ጂቢ/ቲ የተባለውን መሰኪያ ሲይዙ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ሲሲኤስ 2 የተባለውን ይይዛሉ። አንዱ ለሌላው አይገጥምም። ደግሞም ሁለት ገመድ ያለው መሣሪያ ኃይሉን ለሁለት መኪና የሚያካፍልበት ጊዜ ስላለ፣ ባዶ የቆመ አነስተኛ መሣሪያ ሰው ከያዘው ትልቅ ሊሻል ይችላል።

መንገድንም ማሰብ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲወርዱ ቁልቁለቱ ያግዛል፤ ሲመለሱ ግን 700 ሜትር ያህል ከፍታ መውጣት አለና ባትሪው ቶሎ ይጎድላል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ኃይል የሚቈጠረው በመሄጃው ሳይሆን በመመለሻው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን መቼ መነሣት እንደሚገባ ማወቅ ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከመቶ 10 ወደ መቶ 80 ለመድረስ 42 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል፤ ይህም በአማካይ 60 ኪሎዋት ቢያገኝ የ42 ደቂቃ ሥራ ነው። ከ80 በኋላ ባትሪው እንዳይጎዳ መኪናው ራሱ የሚቀበለውን ኃይል እየቀነሰ ይሄዳል፤ የቀረችው 20 ብዙ ጊዜ ትፈጃለች። ቤቱ መሙያ ያለው ሰው ይህችን ትርፍ ሌሊት ተኝቶ ሳለ በዝግታ ሊያገኛት ይችላል።

አንድ ቀን ከኋላዬ የተሰለፈ የታክሲ ነጂ፣ ከፊታችን የቆመው መኪና 97 መድረሱን አይቶ፣ «ጌታዬ፣ እሳቸው የሚጠብቁት ሦስት ቍጥር ነው፤ እኔ የምጠብቀው የልጆቼን እራት ነው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የሕዝብ መሣሪያ በገንዘብ ቢከፈልበትም ጊዜው የጋራ ነው። እንግዲህ ትክክለኛው ኃይል መሙያ ለመኪናችን የሚገጥም፣ ለመንገዳችን የሚበቃ፣ በቃን ባልንም ጊዜ ለወንድማችን የምንለቅለት ነው።