ከማረሚያ ቤት በር እስከ መድኃኒት መስኮት

ከቃሊቲ የሚነሳው ቀላል ባቡር መርካቶን አቋርጦ ምኒልክ አደባባይ ይደርሳል። መስመሩ ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ቃሊቲ ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰው ወህኒ ነው፤ ከመርካቶ ምዕራብ ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። የአእምሮ ሕመም ያለበት ታራሚ ፍርዱን ጨርሶ ሲወጣ ከዚያ ወደዚህ እንዴት ይደርሳል? በባቡሩ የተሳፈርኩት ይህን ጥያቄ ይዤ ነው። ሳሪስን፣ ስታዲየምን፣ ልደታን አልፌ ሰባተኛ ላይ ወረድኩ። ጤና ላለው፣ የሚሄድበትን ለሚያውቅ ሰው ቅርብ መንገድ ነው።

መርካቶ በማለዳ ሥራ ላይ ነበር። ተሸካሚዎች ኩንታል ተሸክመው መንገድ ያስለቅቃሉ፤ ከአንዋር መስጊድና ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ሰው ከገበያተኛው ጋር ይቀላቀላል። ወደ ምናለሽ ተራ ገባሁ። እዚያ የተጣለ ዕቃ ሁሉ ሥራ አለው። ቆርቆሮው ይቀጠቀጣል፣ በርሜሉ ተቆርጦ ምድጃ ይወጣዋል፣ የታጠፈው ብረት ይቃናል። ብረት ከሚያቃኑት አንዱ ከእስር የወጣ ሰው ነው። ስሙንም የታሰረበትንም ቦታ አልጽፍም። አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አስተዋወቀችን።

«ውስጥ እያለሁ መድኃኒቴን የሚያስታውሰኝ የቤቱ ካቦ ነበር» አለኝ ሥራውን ሳያቆም። «ማታ ማታ ስሜን ይጠራል፣ ፊቱ እውጣለሁ። ስፈታ ግን ስሜን የሚጠራ አልነበረም።»

የተፈታ ቀን በእጁ የነበረው የመፈቻ ወረቀትና የለበሰው ልብስ ነው። የቀበሌ መታወቂያው ጊዜው አልፎበታል። ለማሳደስ የቤት አድራሻ ተጠየቀ፤ ቤት ለመከራየት ደግሞ መታወቂያ ተጠየቀ። ሥራ ፈልጎ የሄደበት ሁሉ ተያዥ አምጣ አለው። ጥቂት ሌሊት በረንዳ ላይ አደረ። መድኃኒቱ አለቀ፣ እንቅልፉ ጠፋ፣ ድምፆቹ ተመለሱ። ዘመዶቹ ሲያገኙት ጠበል ወሰዱት። ወደ ሆስፒታል ያመጣው የአሁኑ አሠሪው ነው።

አሠሪው በዕድሜ የገፉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ምን አደረጉለት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መሳቢያቸውን ከፍተው የሆስፒታል ካርድ አሳዩኝ። «ካርዱ እኔ ጋ ነው። በየወሩ ቀኑ ሲደርስ ‹ዛሬ መርፌህ ነው› እለዋለሁ፤ የቀን ሥራውን አልቆርጥበትም። ሌላ ያደረግኩት የለም።»

ይህን ሥራ ሌሎች አገሮች በጀት መድበው፣ ደመወዝ ከፍለው ያሠሩታል። እዚህ አንድ ነጋዴ በመሳቢያው ይሠራዋል። ነጋዴው ቢታመም ወይም ሱቁን ቢዘጋ ሰውየውን የሚከታተለው ማን እንደሚሆን ጠይቄ መልስ የሰጠኝ ሰው የለም።

ከምናለሽ ተራ ወደ አማኑኤል በእግሬ ሄድኩ። ሆስፒታሉ በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ዛሬም ከየክልሉ ሰው ይመጣል። ደጁ ላይ ቋጠሮ የያዙ እናቶችና ወንድማቸውን በሁለት በኩል የደገፉ ወጣቶች አየሁ። ፍርድ ቤቶችም አንድ ተከሳሽ ድርጊቱን ሲፈጽም አእምሮው ምን ሁኔታ ላይ እንደነበር እንዲመረመር ወደዚህ ይልካሉ።

ሕጉ ለአእምሮ ሕመምተኛ ቦታ አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 እና 49 ስለ ኢኃላፊነትና ስለ ከፊል ኃላፊነት ይደነግጋል፤ ከአንቀጽ 129 ጀምሮ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ሕክምና ወይም በተቋም መቆየትን ሊያዝ እንደሚችል ያስቀምጣል። ግን ሕጉ የሚጠይቀው ወንጀሉ የተፈጸመበትን ሰዓት ነው። እስር ቤት ገብቶ የታመመው፣ ወይም ሕመሙ ሳይታወቅለት ተፈርዶበት የገባው፣ እንደማንኛውም ፍርደኛ ቀኑን ቆጥሮ ይወጣል። በወጣበት ቀን ስላለው አእምሮ የሚጠይቅ የለም። እንዲህ ያለው ሰውም ጥቂት አይደለም። በ24 አገሮች ከ33,000 በላይ እስረኞችን ያካተተ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከወንዶቹ ከ10 በመቶ በላይ ከባድ ድብርት፣ ወደ 4 በመቶ የሚጠጉት ደግሞ ከእውነታ የሚያፋታ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል።

የሚያስፈራው ጊዜ መጀመሪያው ነው። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ከ30,000 በላይ የተፈቱ ሰዎችን የተከተለውና በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ በተፈቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞት አደጋቸው ከሌላው ነዋሪ 12.7 እጥፍ እንደነበር አረጋግጧል። እዚያ ዋናው ገዳይ ከመጠን ያለፈ አደንዛዥ ዕፅ ነበር፤ እኛ ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ሁለቱ ሳምንታት ግን የምናለሽ ተራው ሰው በረንዳ ያደረባቸው ሌሊቶች ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ያስተዋወቀችን ሠራተኛ ቢሮ ገባሁ። ከሱቆች በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ግድግዳው በፋይል ተሞልቷል። ለዓመታት ለለጋሾች ፕሮፖዛል ስትጽፍ ኖራለች። «ሃምሳ ሰው አሰልጥነናል ብሎ ሪፖርት መጻፍ ቀላል ነው» አለችኝ። «አንድ ሰው ስድስት ወር መርፌውን ሳይዘል ወስዷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ ግን አይቼ አላውቅም። የማረሚያ ቤት ፕሮጀክት በሩ ላይ ያበቃል፣ የጤና ፕሮጀክት ከሆስፒታሉ ይጀምራል። መሀሉ የማን ነው?»

መሀሉ ባዶ የቀረበት ታሪክ አለው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ በአካል ጉዳተኞች መብትና በፍትሕ አካላት ዙሪያ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። ከእስር የሚወጣ የአእምሮ ሕመምተኛ ደግሞ ሦስቱንም ይነካል። ቀጥሎ የመጣው፣ የአስተዳደር ወጪን ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ የገደበውና በተለምዶ 70/30 ይባል የነበረው መመሪያ የመጓጓዣና የክትትል ወጪን ከአስተዳደር ወጪ ስለመደበው ድርጅቶች ብዙ አቤት ብለዋል። የዚህ ሥራ ነፍስ ደግሞ መጓጓዣና ክትትል ነው። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ክልከላ አነሳ፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ እንዲቋቋምም ደነገገ። በሩ ተከፈተ፣ የተለመደው የፕሮፖዛል አጻጻፍ ግን ገና አልተለወጠም።

አሜሪካኖች በዚህ ጉዳይ አንድ ብልህ ነገር አድርገዋል። በ2004 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ጥፋተኞች የሚመለከት ሕግ አውጥተው ድጋፍ ሲሰጡ፣ የፍትሕ አካልና የአእምሮ ጤና ተቋም በአንድ ማመልከቻ ላይ አብረው እንዲፈርሙ አስገደዱ። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለተኛ ዕድል የተባለው ሕግ ከእስር ለሚመለሱ ሰዎች የሚሰጠውን ድጋፍ አሰፋ። ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ያ የጋራ ፊርማ ይበልጥብኛል። ማረሚያ ቤቱ የመፈቻውን ቀን አስቀድሞ ካልነገረ፣ ሆስፒታሉ ካርዱን ካላዘጋጀ፣ ብሩ ቢኖርም ሰውየው በረንዳ ላይ ያድራል።

የውጭ ገንዘብ ደግሞ እየሳሳ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ ዕርዳታውን ካገደ ወዲህ ያለውን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ዓይናችን ወደ ቤት መዞር አለበት። የቤት ውስጥ አብነት አለን፤ ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ያቋቋመው መቄዶንያ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና እያነሳ በሕዝብ መዋጮ እየኖረ ነው። ከወደቁ በኋላ የሚያነሳ ከተገኘ፣ እንዳይወድቁ የሚይዝ አይጠፋም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአእምሮ ጉዳተኞችን መልሶ የማቋቋም ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ይህ ግዴታ እንጂ ልመና አይደለም።

ለአንድ ተፈቺ የሚያስፈልገውን ወጪ ከሠራተኛዋ ጋር ቁጭ ብለን ዘረዘርነው። በመፈቻው ቀን የሚሰጥ የአንድ ወር መድኃኒት፣ ከበሩ ተቀብሎ እስከ ሆስፒታሉ የሚያደርስ አንድ ሰው፣ የመጀመሪያው ወር የአልጋ ኪራይ፣ መታወቂያ እስኪወጣ የሚመላለስበት የትራንስፖርት ገንዘብ። ሕንፃም መኪናም አያስፈልገውም። ትልቁ ወጪ የአጃቢው ደመወዝ ነው፤ ለጋሾች የአስተዳደር ወጪ ብለው የሚሰርዙትም እሱኑ ነው። ይህ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንዱን የምታስተዳድሩ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጥሪያችሁ ማረሚያ ቤትና ጤና ተቋም አብረው የፈረሙበትን ማመልከቻ ብቻ ተቀበሉ፤ የአጃቢውንም ደመወዝ የፕሮግራም ወጪ በሉት። የመርካቶ ነጋዴዎችም፣ ዕድራችሁ ለሞተ ሰው ድንኳን እንደሚተክል ሁሉ ከእስር ለወጣ ሕመምተኛም የአንድ ወር አልጋ ይክፈል። ሱቃችሁ ደጅ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ካርዱን ተቀበሉት፣ የመርፌውን ቀን አስታውሱት።