የግንቦት ብር

በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። የርብና የጉማራ ወንዞች የሚሞሉት ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። በጣና ዳር ባለ አንድ ወረዳ በፋይናንስ ሥራ ስሠራ ሁለቱን ነገሮች ለየብቻቸው አውቃቸው ነበር። አገናኝቶ ያሳየኝ አንድ የፎገራ ገበሬ ነው።

በ1998 ክረምት ድሬዳዋ ላይ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። በዚያው ክረምት በእኛ በኩል ፎገራ፣ ሊቦ ከምከምና ደምቢያ በውኃ ተጥለቅልቀው በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። የድሬዳዋው ድንገተኛ ነበር፤ የጣና ዳሩ ግን መንገዱም ወሩም የታወቀ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ደለል ጠርገው ይወርዳሉ፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይደክምና እዚያው ያራግፉታል። ወለላቸው ከዓመት ዓመት ከፍ ስለሚል ውኃው ዳርቻውን ጥሶ ይወጣል፤ ሐይቁ ከሞላ ደግሞ መግቢያ ያጣል። የናበጋና የዋገጠራ ቀበሌዎች ሰው ይህን የሚነግረው ባለሙያ አያስፈልገውም። ክረምቱ ሲቃረብ እህሉን ቆጥ ላይ ያወጣል፣ ታንኳውን ያበጃል። ጎርፉን በደፈናው አይጠላውም፤ ሩዙ የሚበቅለው በዚያው ውኃ ነውና።

አንድ ግንቦት፣ ጉማራ ዳር ከአንድ ሽማግሌ ጋር ቆመን ነበር። ወንዙ ከጉልበት በታች ነው፤ አፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ባለፈው ክረምት የተጣሰውን ዳርቻ በዱላቸው እያሳዩ፣ «ይህን ለመድፈን ዛሬ ጆንያና የቀበሌው ጉልበት ይበቃዋል» አሉኝ።

«አያ፣ በጀቱ የሚለቀቀው እኮ ሐምሌ ላይ ነው።»

ዘወር ብለው አዩኝ። «ሐምሌማ ልጄ፣ አሁን በቆምንበት ላይ ታንኳ ነው የሚያልፈው።»

ፈራሁ። ሕጉ ሁሉ ተጠብቆ፣ ሒሳቡ ሳንቲም ሳይጎድል ተዘግቶ፣ ሰው ግን ሊሰጥም እንደሚችል ያን ጊዜ ገባኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወረዳ የሚተዳደረው በአብዛኛው ከክልል በሚመጣ ጥቅል በጀት ነው፤ የዚያም ትልቁ ድርሻ ደመወዝ ነው። የምትተርፈው ትንሽ መጠባበቂያ ግንቦት ላይ ብትኖር እንኳ ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ፣ ግዥው ሲጸድቅ የሒሳብ መዝጊያ ይደርሳል፤ ያልተከፈለው ተመላሽ ይሆናል። አዲሱን በጀት ምክር ቤት አጽድቆት እጃችን ሲገባ መኪና ጭቃውን አልፎ ወንዙ ዘንድ አይደርስም። ያን ጊዜ ብሩ የሚገዛው ብርድ ልብስና ዱቄት ነው።

በ2005 የወጣው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ አገሪቱን ከአደጋ በኋላ ርዳታ ከማደል ወደ አስቀድሞ መከላከል ለማዞር ያለመ ነበር። ልቤ የሚቀበለው ሐሳብ ነው። የበጀቱ ወር ግን አብሮት አልዞረም። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕግ እያንዳንዱ የአካባቢ አስተዳደር ከገቢው ቢያንስ 5 በመቶውን ለአደጋ እንዲይዝ ታዛለች። ከዚያ 30 በመቶው ለአስቸኳይ ምላሽ ይቀመጣል፤ ሌላው ለዝግጅት ይውላል። እኔን ይበልጥ ያስቀናኝ በዓመቱ ያላለቀው ገንዘብ በልዩ ሒሳብ ተይዞ ለሚቀጥሉት 5 ዓመታት ለዚያው ሥራ መቆየቱ ነው። አውሎ ነፋስ የበጀት ዓመት እንደማይጠብቅ ገብቷቸዋል።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሕግ እስኪመጣ በዕቅድ ወቅት የጆንያውን፣ የጀልባ ነዳጁንና የውኃ ማከሚያውን ግዥ የካቲት ላይ እንዲያልቅ አድርጌ አስገባለሁ። ሁልጊዜ አይጸድቅም፤ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይኸው ነው። ሲቀነስ ግን ዝም አልልም፤ ነሐሴ ላይ ለብርድ ልብሱ የሚከፈለው ከየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አደርጋለሁ።