ፈተናው ሥራውን ይምሰል

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 ምሽት፣ የኮሎምቢያው አቪያንካ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 52 ኒው ዮርክ ደርሶ ማረፍ አልቻለም። አየሩ ከፍቷል፣ ወረፋው በዝቷል። ቦይንግ 707ቱ ከአንድ ሰዓት በላይ አየር ላይ እየዞረ ጠበቀ። በመጨረሻ ተራ ደርሶት ለማረፍ ቢሞክርም ስላልተሳካለት እንደገና ወደ ላይ ወጣ።

ዋና አብራሪው ረዳቱን በስፓኒሽ «ድንገተኛ አደጋ ላይ መሆናችንን ንገራቸው» አለው። ረዳቱ ግን የታዘዘውን የበረራ አቅጣጫ ለተቆጣጣሪዎቹ መልሶ ካነበበ በኋላ፣ ነዳጅ እያለቀብን ነው ብሎ ብቻ አከለበት። ቅድሚያ የሚያሰጡት «ሜይዴይ» እና «ኢመርጀንሲ» የሚሉት ቃላት ከአፉ አልወጡም። ትንሽ ቆይቶ ከምድር፣ 15 ማይል ያህል ወስደን ብንመልሳችሁ ነዳጃችሁ ይፈቅዳል ወይ ተብሎ ተጠየቀ። የሚፈቅድ ይመስለኛል፣ በጣም አመሰግናለሁ አለ። አውሮፕላኑ ሎንግ አይላንድ ላይ ወደቀ። ከተሳፈሩት 158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚያሳዝነኝ ያ «አመሰግናለሁ» ነው። ሰውየው ሰዋስው አላበላሸም። የትምህርት ቤት ፈተና ቢቀርብለት የሚያልፍ ይመስለኛል። የጎደለው ሌላ ነው፤ በጭንቅ ሰዓት፣ በባዕድ ቋንቋ፣ ከበላይ ሆኖ ለሚያዝ ሰው «አይሆንም፣ አሁኑኑ ማረፍ አለብን» ማለት። እኛም አለቃ ፊት ሳይገባን «እሺ» ስለምንል ይህ አይጠፋንም።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ያጸደቀውና ከማርች 2008 ጀምሮ ተግባራዊ ያደረገው የቋንቋ መመዘኛ እንዲህ ካሉ አደጋዎች የተወለደ ነው። ስድስት ደረጃዎች አሉት፤ ለዓለም አቀፍ በረራ ቢያንስ አራተኛው ያስፈልጋል። አነጋገር፣ የዐረፍተ ነገር አወቃቀር፣ የቃላት ሀብት፣ ቅልጥፍና፣ መረዳትና ምልልስ ለየብቻ ይመዘናሉ። አማካይ አይወሰድም፤ ከስድስቱ ዝቅተኛው ውጤት የሰውየው ደረጃ ይሆናል። በሌላው ጎበዝ ሆኖ መረዳት ላይ የደከመ አብራሪ አያልፍም ማለት ነው። ትክክል ነው እላለሁ፤ ሬዲዮ ላይ ያልሰማውን በቃላት ብዛት አያካክሰውም።

ከሁሉ የምወደው ግን ሌላ ነጥብ ነው። ምልልስ ሲመዘን አንዱ መስፈርት ያልገባህን ጠይቀህ ማጣራት ትችላለህ ወይ የሚለው ነው። እንደ እንግሊዝ ወይም እንደ አሜሪካ ሰው ተናገር የሚል የለም፤ የቦሌው ተቆጣጣሪ የራሱን ቅላጼ ይዞ ይናገራል፣ የሚጠበቅበት የሙያው ሰዎች እንዲረዱት ነው። አራተኛ ደረጃ ላይ ያለ ደግሞ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ እንደገና እንዲፈተን ድርጅቱ ይመክራል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ቀኑን ሙሉ ደንበኛን በአማርኛ ለሚያስተናግድ የሥራ መደብ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ሥራውን አሳምሮ የሚያውቅ ልጅ «ራስህን አስተዋውቅ» ሲባል ይንተባተብና ይወድቃል። በሸመደደው መልስ የሚያልፈው ደግሞ ለውጭ ደንበኛ ኢሜይል መጻፍ ሲያቅተው ይታያል። ቀጣሪው የለካው ልጁ የተማረበትን ትምህርት ቤት ክፍያ እንጂ ችሎታውን አይደለም።

ቀጣሪዎች ሆይ፣ ማስታወቂያ ከማውጣታችሁ በፊት በዚያ መደብ ላይ ያለ ሠራተኛ በሳምንት ውስጥ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚያነብ፣ ምን እንደሚጽፍ፣ ከማን ጋር እንደሚነጋገር መዝግቡ። ፈተናውን ከዚያ አውጡ። ምንም ከሌለ እንግሊዝኛውን ከመስፈርቱ ሰርዙት።